ውሰት የሚጠይቅ ሰርቨር

የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ ከምጡ ይልቅ የሚያስፈራኝ ስልኬ ነበር። ይህን ለእናቴ ስነግራት ትክ ብላ አየችኝና ግንባሬን በእጇ ነካች፤ ትኩሳት ያለብኝ መስሏት ነው። እናቴ መርሳ ከተማ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ትንሽ ሱቅ አላት። ለእሷ ስልክ ማለት ሲጮህ የሚነሳ፣ ሲሰለች የሚጠፋ ዕቃ ነው። የእኔ ግን እንደዚያ አልነበረም። ወልድያ ባለ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሰርቨር የማስተዳድረው እኔ ብቻዬን ነበርኩ። በዚያ ግቢ አንድ ነገር በተንቀራፈፈ ቁጥር የሚጮኸው የእኔ ስልክ ነው።

ኮሌጁ ሁለት ሰርቨሮች አሉት። ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ በካርቶን በተሸፈነ ቦታ፣ ቀኑን ሙሉ ይጮሃሉ። ውጭ ላለው ሰው ግን ብዙ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ የሬጅስትራር፣ የቤተ መጻሕፍት፣ የንብረት ክፍል፣ የተማሪዎች ላብራቶሪ፣ ሁሉም የየራሱ ያለው ይመስለዋል። እነዚያ ኮምፒውተሮች በአካል የሉም። ሁለቱን ሰርቨሮች በሶፍትዌር እየቆራረስን የሠራናቸው ናቸው፤ እኛ ቨርቹዋል ማሽን እንላቸዋለን። ሚሞሪውም ሆነ ፕሮሰሰሩ የሚቀዳው ከአንድ የጋራ ቋት ስለሆነ ለአንዱ ሲበዛ ለሌላው ያንሳል። የእኔ ሥራ ለማን ምን ያህል ይድረስ የሚለውን መወሰን ነበር፤ ያውም በእጄ። በምዝገባ ሰሞን የሬጅስትራር ክፍሉ ኃላፊ፣ ጓደኛዬም ናት፣ "ኧረ ድረሽልን፣ ቆመ!" ብላ ስትደውል ከቤተ መጻሕፍቱ ቀንሼ ለእሷ እጨምራለሁ። ወዲያው የቤተ መጻሕፍቱ ሰው ይደውላል። ለእሱ ደግሞ ከላብራቶሪው እቆርሳለሁ። ቅዳሴ ላይ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ በረንዳ ወጥቼ ሚሞሪ ያከፋፈልኩበት ቀን ብዙ ነው። አምላክ ይቅር ይበለኝ።

ባለቤቴ ከወልድያ መርሳ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ኮምፒውተር አይወድም፤ ይህን ሥራዬን ግን ከአለቆቼ ሁሉ ቀድሞ ገባው። አንድ ቀን ከጎኑ ተቀምጬ፣ ለክፍሎቹ ሁሉ የሰጠሁት ሲደመር ሰርቨሩ ካለው ይበልጣል፣ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይጠቀም ይሠራል ብዬ ሳስረዳው መሪውን እንደያዘ ሳቀ።

"ትርፍ ጭነሻላ!" አለኝ። "እኔስ ምን አደርጋለሁ? ከወልድያ ሞልቼ ሌላ ሁለት ሰው የምጨምረው መንገድ ላይ ሲሪንቃ የሚወርድ እንዳለ ስለማውቅ አይደል?"

"ሲሪንቃ የሚወርድ ባይኖርስ?"

"ያን ቀን እስከ መርሳ እሰደባለኋ!"

እውነቱን ነው። እኔም ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ የምሰደበው እኔ ነበርኩ።

በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። አራስ ደግሞ አትነሳም፣ ውጭ አትወጣም፣ ብቻዋን አትተውም፤ ትበላለች፣ ትታጠባለች፣ ትተኛለች። እናቴ ይህን ስትጠብቅ ስንት ዘመኗ! "ማርያም በሽልም ታውጣሽ እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለእኔ ተይው" ትለኝ ነበር። እኔም ፈለግሁት። ሳልደብቅ ልናገር፣ በሕይወቴ ያን ያህል የተመኘሁት ነገር የለም፤ እናቴ ቤት ተኝቼ፣ ልጄን ታቅፌ፣ ማንም ሚሞሪ ሳይጠይቀኝ መክረም። የኮሌጁን ዲን ሰው ተካልኝ ብዬ ለመንኩት። "የቅጥር ጥያቄው ሄዷል" አለኝ። የት እንደሄደ አልነገረኝም። የወሊድ ፈቃዴ እንደሚከበርልኝ ግን አረጋገጠልኝና፣ "ስልክሽን ብቻ አታጥፊ" ብሎ ጨመረበት።

ከቢሮው ስወጣ ወሰንኩ። እኔ የምሠራውን ማሽኑ ራሱ እንዲሠራው አደርጋለሁ።

ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። ስክሪፕት የሚባል አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ትጽፋለህ፤ ስክሪፕቱ በየጊዜው እየዞረ የትኛው ክፍል እንደተጨናነቀ፣ የትኛው እንደቦዘነ ያያል። ከቦዘነው ወስዶ ለተጨናነቀው ይሰጣል፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ይመልሳል። ለዚህ ግን መጀመሪያ ማን መቼ እንደሚሠራ ማወቅ አለበት። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ የሁሉንም አጠቃቀም እንዲመዘግብ አደረግሁትና በዚያ ላይ ደንቡን ሠራሁ። ንብረት ክፍል ከሁሉ የቦዘነ ሆኖ ተገኘ። ከሰርቨሩ ሚሞሪ ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ለእሱ የተያዘ ሆኖ፣ ሳምንቱን በሙሉ ጭራሽ አልነካውም። ደስ አለኝ። መውሰጃ ቦታ አገኘሁ ብዬ ደንቡ ላይ ከሁሉ በፊት ከንብረት ክፍል ይወሰድ ብዬ ጻፍኩ።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ የቀረባቸው፣ የግራና አገር ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ያን ሁሉ ሚሞሪ የሰጣቸው እኔ ከመምጣቴ በፊት ሰርቨሩን የተከለው ባለሙያ ነው፤ ለምን እንደሰጣቸው የሚያውቅ የለም። እኔ አንድ ሁለቴ ልቀንስ ሞክሬ፣ "ልጄ፣ ይሄ እኮ ፈርሜ የተረከብኩት ንብረት ነው" ብለው መልሰውኛል። ይሉኝታ ያዘኝና ተውኩት። አሁን ግን ከእሳቸው ጋር የሚከራከረው ማሽኑ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ማሽን ደግሞ ይሉኝታ የለውም።

ስክሪፕቱን ያስጀመርኩት ዓርብ ቀን ነው። ጋሼ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሲሄዱ ማሽናቸው ዝም አለ። ስክሪፕቱም ድርሻቸውን ላፍ አድርጎ ለላብራቶሪው ሰጠው። የዓመቱን የዕቃ ቆጠራ እያስገቡ ነበርና፣ ሰግደው ተመልሰው ካቆሙበት ሊቀጥሉ ሲሉ ኮምፒውተሩ ተኛ። ማውሱ እንኳ ተጎትቶ ነው የሚሄደው። ስክሪፕቱ የወሰደውን ይመልሳል፣ ግን የተወሰደበት ማሽን ትንፋሹ እስኪመለስ ይንገታገታል። ጋሼ አንድ ጊዜ ተጫኑት፣ ደገሙት፣ ከዚያ ተነስተው እኔ ቢሮ መጡ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስስብላቸው ሳይቀመጡ በሩ ላይ ቆሙ።

"አንቺ ልጅ፣ የእኔን የወሰደው ማነው?"

"ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም፣ ስክሪፕቱ ነው። ማሽንዎ ቦዝኖ ሲያገኘው..."

"ቦዝኖ?"

"ሳምንቱን ሙሉ መዝግቤ ነበር እኮ። አንድም ቀን አልነኩትም።"

"የትኛውን ሳምንት?" ብለው ጠየቁኝ።

ስነግራቸው ለራሴም ታየኝ። የታላቅ እህታቸው ሳምንት ነበር። እህታቸው ግራና አርፈው፣ ጋሼ ለቅሶ ተቀምጠው የከረሙበት ሳምንት። ግቢው ተራ በተራ ግራና እየወረደ ለቅሶ ደርሷል። እኔ ራሴ ሆዴን ይዤ፣ በባለቤቴ ሚኒባስ፣ ከሬጅስትራሯ ጋር ሄጃለሁ። ድንኳኑ ሥር አጠገባቸው ተቀምጬ አላህ ያጽናዎት ብያቸዋለሁ። ያኔ ወልድያ ላይ ያቆምኩት መዝጋቢ ደግሞ ይህ ሰውዬ ምንም ሥራ የለውም እያለ ይጽፍ ነበር። ለካ የመዘገብኩት የኮሌጁን ሥራ አይደለም፤ የጋሼን ሐዘን ነው። አፍሬ መሬት ልገባ ምንም አልቀረኝም።

"ኧረ አብሽሪ፣ ምንም አይደለም" አሉኝ። አሁን ተቀመጡ። "ግን እኔ የምልሽ፣ ሰው ለቅሶ ሄዶ ቤቱ ባዶ ቢገኝ፣ ዕቃው ይወጣል እንዴ?"

እዚህ ላይ ስለ ጋሼ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ጦርነቱ ከተማችንን ሲያገኛት፣ ግቢው ተዘርፎ ነበር። ሰላም ሲሆን መጋዘኑን ከፍተው የቆጠሩት እሳቸው ናቸው። መደርደሪያው ሳይቀር ተወስዶ ባዶውን ግድግዳ ቆጥረው፣ የለም የለም የለም እያሉ ጽፈው ፈርመዋል። እነዚህ ሁለቱ ሰርቨሮች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ከመኪና ሲወርዱ በእጃቸው ደግፈው ያስገቡት ጋሼ ናቸው ይባላል። ስለዚህ የያዙትን አለመልቀቃቸው እልኸኝነት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እኔም ሆዴ ገፍቷል። ንብረት ክፍል ያለውን ካልነካሁ፣ ለምዝገባ ሰሞን የሚበቃ ሚሞሪ ከሌላ አይገኝም፤ ያ ማለት አራስ ቤት ሆኜ ስልኬ ይጮሃል ማለት ነው።

"ጋሼ፣ አልወስድብዎትም" አልኳቸው። "ድርሻዎ የእርስዎ እንደሆነ ይቆያል። ሥራ በሌለዎት ሰዓት ብቻ በውሰት ይሂድ። ሲፈልጉት ይመለሳል።"

"ውሰት!" አሉ፤ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። "ውሰት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ጎረቤት ሠርግ ሲኖረው አግዳሚውንም ድስቱንም እናውሳለን። ግን ልጄ፣ ውሰት ይጠየቃል። ሰው ደጄ ላይ መጥቶ፣ ሰላም ብሎኝ፣ ይኼን አውሰኝ ይለኛል፤ እሺ እላለሁ። ሳይጠየቅ የተወሰደውን ምን እንደምንለው አንቺም ታውቂዋለሽ።"

"ታዲያ ስክሪፕቱ እንዴት አድርጎ ይጠይቅዎት?"

"እሱን የተማርሽው አንቺ ነሽ" ብለውኝ ተነሱ።

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። አውቶማቲክ ማለት ሰው የማይጠየቅበት ማለት ነው እኮ! ማታ ለባለቤቴ እያጉረመረምኩ ነገርኩት። እሱ ግን ከጋሼ ጋር ወገነ። "እኔም ትርፍ ሳስገባ የተቀመጡትን ጠጋ በሉ ብዬ እለምናለሁ፤ ሰው ላይ ሰው አልወረውርም" አለኝ። ሁለት ወንዶች ተባብረው ሥራ ጨመሩብኝ።

ሲም የሚገባበት ሞደም ገዝቼ ሰርቨሩ ላይ ሰካሁና ስክሪፕቱ ለጋሼ መልእክት እንዲልክ አደረግሁት። የመጀመሪያው መልእክት "ለሬጅስትራር ሚሞሪ ያስፈልጋል፣ ከፈቀዱ 1 ካልፈቀዱ 0 ብለው ይመልሱ" የሚል ነበር። ጋሼ ምንም አልመለሱም። ሄጄ ስጠይቃቸው፣ "ሰላምታ የለውም" አሉኝ። ሰላምታ ጨመርኩ። አሁን መለሱ፤ ግን 1 አላሉም። "ወአለይኩም ሰላም፣ ደህና ነን አልሐምዱሊላህ፣ እሺ ይውሰድ፣ ሲጨርስ ግን ይመልስ" ብለው ጻፉ። ስክሪፕቱ አንድ የምትል ቁጥር ፈልጎ ስላጣ እምቢ እንዳሉ ቆጠረው። ለሰው በቁጥር አይመለስም ብለው አሻፈረኝ ስላሉ፣ ይውሰድ፣ ይሁን፣ እሺ፣ ውሰድ የሚሉትን ቃላት ከምርቃት መሐል እየፈለገ እንዲያወጣ ስክሪፕቱን እንደገና ጻፍኩት። ከጻፍኳቸው ፕሮግራሞች ሁሉ እንደዚያ ያሳቀኝ የለም።

አንድ ነገር ላይ ግን አልተስማማንም። መልስ ካልሰጡ እንደ እሺታ ይቆጠር አልኩ። እምቢ አሉ። "በር አንኳኩቶ የሚከፍትለት ያጣ ሰው ይመለሳል እንጂ ሰብሮ አይገባም።" እዚህ ላይ ተሸነፍኩ። ዝም ካሉ አይወሰድም፤ ስክሪፕቱ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይጠይቃል። በሆዴ ግን ያች ዝምታ የምትመጣበት ቀን ታስፈራኝ ነበር።

የቀሩትን ክፍሎች ደንብ የለቅሶ ሳምንት ባልሆነ ሳምንት እንደገና መዝግቤ አስተካከልኩ። ቤተ መጻሕፍቱና ላብራቶሪው አንዱ ለአንዱ በራሳቸው መቀባበል ጀመሩ። ስልኬ መጮህ ቀነሰ። ሥራ ቦታ የመጨረሻው ቀኔ ላይ ሬጅስትራሯ እስከ በር ሸኘችኝና፣ "ምዝገባው አንቺ በሌለሽበት ሊውል ነው፤ ብደውልልሽስ?" አለችኝ። "አትደውዪ" ልላት ፈልጌ፣ "እንግዲህ ካስጨነቀሽ ምን ታደርጊያለሽ" አልኳት። ይሉኝታዬን እናቴ ብትሰማ ትመታኝ ነበር።

ወንድ ልጅ ወለድኩ። ስለ ምጡ አልጽፍም፤ የወለደች ታውቀዋለች፣ ያልወለደች አታምነውም። ከጤና ጣቢያ እናቴ ቤት ገባሁ። እናቴ መስኮቱን ዘግታ፣ መጋረጃውን ደርባ፣ "ብርድ ይገባሻል" አለችኝ። መርሳ ነው እኮ! ውጭ ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች በሙቀቱ ጥላ ሲያሳድዱ ይውላሉ፤ እኔ ጋቢ ለብሼ ስንት ብርድ ይገባኛል? ግን እሺ አልኳት። የምትሰጠኝን በላሁ፣ ተኚ ስትለኝ ተኛሁ። ስልኬን ደግሞ ገና ስገባ ተቀብላኝ አጥፍታ ሱቁ ውስጥ፣ የሳሙና ካርቶን ሥር ከተተችው። "አራስ ይሄን ብርሃን አታይም፣ ዓይንሽ ይጠፋል" አለች። እንግዳም ቢሆን አራስ ቤት ስልክ ይዞ አይገባም ብላ ደነገገች። የሚመጣው ሁሉ ስልኩን በሱቁ ባንኮኒ ላይ ባስቀመጠችው ሰፌድ ውስጥ እየጣለ ነው የሚገባ።

ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ደጋግሜ ልጽፈው እችላለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። የልጄ አናት የሚሸተውን ሽታ ስምገው እውላለሁ። ከሱቁ በኩል እናቴ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር፣ የአውቶቡስ ረዳቶች ደሴ ደሴ ሲሉ ይሰማኛል። ግን ነቅቼ ስጋደም ያ የሳሙና ካርቶን ትዝ ይለኛል። ምዝገባው ሲቃረብ ባሰብኝ። ሬጅስትራሯ ደውላ ደውላ ስታጣኝ፣ ተማሪዎቹ በፀሐይ ተሰልፈው፣ ዲኑ ለባለቤቴ ደውሎ፣ ባለቤቴ መጥቶ ከእናቴ ጋር ተጣልቶ፣ እኔ ልጄን ከጡቴ አላቅቄ ላፕቶፕ ስከፍት ይታየኛል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የባለቤቴን ሚኒባስ ጥሩምባ ሰማሁ። እናቴ ብቅ ብላ አየችና፣ "ኧረ መሥሪያ ቤትሽ በሙሉ መጣ!" አለች። እውነትም ቤተ መጻሕፍቱ፣ ላብራቶሪው፣ ሒሳብ ክፍሉ፣ ሁሉም አንድ ሚኒባስ ሞልተው፣ ትርፍም ጭነው፣ አራስ ሊጠይቁ ወርደዋል። አጃ፣ ቅቤ፣ ሳሙና፣ የሕፃን ብርድ ልብስ ይዘዋል። ስልካቸውን ሰፌዱ ውስጥ ከምረው ገቡ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ይላሉ፤ ክፍሉ ሞላ። ጋሼም መጥተዋል፤ ነጭ ኮፊያቸውን አድርገው፣ በቀስታ ገብተው፣ "እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ" አሉኝና አልጋው አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ገንፎ አቀረበችላቸው።

"ሬጅስትራሯስ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"እሷማ የት ትመጣለች፣ ዛሬ እኮ ምዝገባ ነው!" አለ የቤተ መጻሕፍቱ ሰው። "እኛም ተማሪው ሁሉ እዚያ ስለሆነ ሥራ የለንም ብለን ነው የመጣነው። ሰላምታዋን ልካለች።"

ምዝገባ በተጀመረበት ዕለት ግቢው ተነስቶ አራስ ጥየቃ የሚመጣበት አገር ሌላ ይኖር ይሆን? ደስ አለኝ፣ ተናደድኩ፣ እንባዬም መጣ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ቤተ መጻሕፍቱና ላብራቶሪው ቦዝነዋል፤ የእነሱ ድርሻ በራሱ ለሬጅስትራሩ እንደሄደ አውቃለሁ። ግን አይበቃም፤ ያንን ስሌት በቃሌ አውቀዋለሁ። የቀረው የጋሼ ነው። ጋሼ ደግሞ ገንፎ እየበሉ ነው፤ ስልካቸው ሰፌዱ ውስጥ ነው።

አፌን ልከፍት ስል ከሱቁ በኩል የስልክ ድምፅ ተሰማ። ጠ..ን! አለ። ትንሽ ቆየና እንደገና። ሁሉም ጨዋታ ላይ ነው፣ የሰማው ያለ አይመስልም። እኔ ግን ሰማሁት። እናቴ ካርቶኑን ከፍታ ስልኬን ያበራችው መሰለኝ። ጋቢዬን ገፈፍ አድርጌ ልነሳ ስል እናቴ በሩ ላይ ብቅ አለች፤ ፊቷ ተቆጥቷል፣ በእጇ ስልክ ይዛለች።

"እማ፣ ስጪኝ በቃ" አልኳት።

"ያንቺ አይደለም" አለችኝ። "የማን ነው ይሄ? አላስቀምጥ አለኝ፤ ሲያንኳኳ ነው የቆየው።"

ጋሼ ቀና አሉ። ማንኪያውን አስቀመጡና እጃቸውን ጠራርገው ተቀበሏት። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው፣ ስልኩን ራቅ አድርገው፣ ጮክ ብለው አነበቡ። "አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። እንደምን ዋሉ? ለሬጅስትራር ክፍል የእርስዎን ድርሻ በውሰት እንጠይቃለን።" ወደ ላይ ገፋ አደረጉት። እዚያም ያው ነው። ወደ ላይ፣ ያው።

"ይሄ ነገር ስንት ጊዜ ነው የጠየቀኝ?" አሉ፤ ለማን እንደሆነ አልገባኝም። "እኔ እዚህ ገንፎ እየበላሁ፣ ደጄ ላይ አቁሜዋለሁ?"

ደነገጡ። እውነት የተሰማቸው ኀፍረት ነበር፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ውሰት የጠየቀን ሰው ደጅ ማቆም በእሳቸው ዘንድ እምቢ ከማለት የባሰ ነውር ነው። በአንድ ጣታቸው፣ ፊደል በፊደል፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጻፉ። ከትከሻቸው በላይ ያጮለቀው የቤተ መጻሕፍቱ ሰው አነበበልን። "ወአለይኩም ሰላም። አፉ በለኝ፣ አራስ ቤት ነኝ። ይውሰድ። ከእንግዲህም ሳትጠይቀኝ ውሰድ።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም እየሳቅሁ፣ "ጋሼ፣ ይውሰድ የሚለውን ይረዳል፤ ሳትጠይቀኝ የሚለውን ግን አያውቅም። እሱን መለወጥ የምችለው እኔ ነኝ። እስከዚያ ደግሞ ይጠይቅዎታል" አልኳቸው።

"ይጠይቀኛ" አሉ። "አንቺ ስትመለሺ ትለውጪዋለሽ። እስከዚያ እኔ አለሁ፤ አንቺ ምን አገባሽ፣ ተኚ!"

ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "እመቤት፣ ደንቡን ሰምቻለሁ። ግን ይሄ ልጅ ተመልሶ ቢያንኳኳ የሚከፍትለት የለም። እዚሁ ይዤው ልቀመጥ?" አሏት።

እናቴ አሰበች። እኔን አየችኝ፣ ሕፃኑን አየችው። "የአንቱ ይግባ" አለች። "የሌላ ሰው ግን አይገባም።"

ሌሎቹ ወደ ሱቁ በረንዳ ወጡ፤ ባለቤቴ ወደ ወልድያ እስኪመልሳቸው ማንጎ እየበሉ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ሬጅስትራሩ መፍጠን እንደጀመረ፣ ጓደኛዬ የእኔን ቁጥር ልትመታ ስትል ሰልፉ ሲላወስ አይታ ስልኩን እንዳስቀመጠችው ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ ምንም አላወቅሁም። ጋሼ በርጩማውን ወደ በሩ ጠጋ አድርገው፣ መነጽራቸውን ሳያወልቁ፣ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። አንድ ጊዜ ጠ..ን ሲል ሕፃኑ እንዳይነቃ ቶሎ በእጃቸው ሸፈኑት፤ አዩት፣ ጻፉ፣ መልሰው አስቀመጡት። እኔ ልጄን ደረቴ ላይ አደረግሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። ከወለድኩ ጀምሮ በቀን እንቅልፍ ጭልጥ ያልኩት ያን ቀን ነው።